በጠብ መሃል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ ጅማ ላይ ለምንኖር ክርስቲያኖች የሚሠራ ነገር እናዋጣ

አዌቱ_ዳር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለሰፈር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን፣ በጠብ ጊዜ ስለ መናገር አንድ ገጽ ወረቀት እየተዘጋጀ ነው። ቡድኑ ቅልቅል ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ መካነ ኢየሱሱም፣ ሙሉ ወንጌሉም አለበት። ስለዚህ "አንደበታችሁን ጠብቁ" የሚለውን ስብከት ተዉት፣ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የጎደለው ሌላ ነው፦ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የደም ሥር ሲገተር ከአፍ የሚወጣው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን ይሁን?

ባዶ ሜዳ ላይ እንዳንከራከር አንድ ጉዳይ ላስቀምጥ። ሐምሌ ነው፤ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። የጎረቤት ጣሪያ አሸንዳ የለውም። ውሃው በአጥሩ ሥር እየገባ የጭቃ ግድግዳ ያርሳል፣ ልስን ያረግፋል። ጎረቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም ናቸው፣ የአንድ እድር አባላት ናችሁ። ሁለት ጊዜ ተነግሯቸው ሁለቱንም ጊዜ "እሺ" ብለዋል፤ አልሠሩም። ሦስተኛው ንግግር እንዴት ይጀመር? ቃል በቃል ጻፉ።

ሂርማታ_መርካቶ

ከተበላሸው ልጀምር። ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው፦

"ስንት ጊዜ ልንገርዎት? ሁልጊዜ እሺ እሺ ይላሉ፣ ለሰው ግን ደንታ የለዎትም። ቤቴን ሊያፈርሱት ነው!"

"እርስዎ" ስላለበት ጨዋ ይመስላል። ውስጡን እንየው። "ስንት ጊዜ" መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዱላ ነው። "ሁልጊዜ" ሐሰት ነው፣ የተነገራቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሰውየው ቶሎ የሚይዙትም ይህንኑ ነው፦ "መቼ ነው ሁልጊዜ የነገርከኝ?" ይላሉ፤ ከዚያ ክርክሩ ስለ ቁጥር ይሆንና ውሃው ይረሳል። በሐሰት አልመሰክርም የሚል ክርስቲያን "ሁልጊዜ"ን እና "አንድም ቀን"ን ሲጠቀም ብዙ ጊዜ በሐሰት እየመሰከረ እንደሆነ አይታየውም። "ደንታ የለዎትም" ልብ ላይ መፍረድ ነው፤ ለልብ ደግሞ ምስክር አይቆጠርም። "ሊያፈርሱት ነው" ያላሰቡትን ሐሳብ መጫን ነው።

ምትኩ፦

"ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር፣ ጊዜ አለዎት? ትናንት በዘነበው ዝናብ ከእርስዎ ጣሪያ የወረደው ውሃ በአጥሩ ሥር ገብቶ ግድግዳችንን አንድ ክንድ ያህል አርሶታል። ከታች ልስኑ ወድቋል። ምን ብናደርግ ይሻላል ይላሉ?"

ሰላምታ፣ ፈቃድ፣ ቀን፣ መጠን፣ ጥያቄ። ስለ ሰውየው ጠባይ አንድም ቃል የለም። ሐጅ አድርገው ከሆነ "ሀጂ" በሏቸው፤ የደከሙበት ማዕርግ ነው። አንድ ተጨማሪ፦ ዝናቡ እንዳባራ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ሂዱ። በደረቅ ቀን የሚቀርብ የውሃ አቤቱታ ማጋነን ይመስላል።

ዲያቆን_ዘጅሬን

መሳፍንትን ክፈቱ። ምሳሌ 15:1 ("የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች") ሁሉም የሚጠቅሰው ነው፤ መሳፍንት ግን አንድ ወገን ያቀረበውን አንድ ዓይነት ቅሬታና የተሰጡትን ሁለት መልሶች ለማስተያየት ያስቀምጥልናል።

ምዕራፍ 8 ላይ የኤፍሬም ሰዎች ጌዴዎንን "ከምድያም ጋር ስትዋጋ ለምን አልጠራኸንም?" ብለው በጽኑ ተጣሉት። ጌዴዎን ራሱን መከላከል ይችል ነበር። ያደረገው ግን ሌላ ነው፦ ሁለቱን የምድያም አለቆች የያዛችሁ እናንተ ናችሁ፣ የኤፍሬም ወይን ቃርሚያ ከአቢዔዝር መከር አይበልጥምን? አላቸው። ቁጣቸው በረደ። ልብ በሉ፣ ይህ ሽንገላ አይደለም፤ አለቆቹን በእርግጥ የያዙት እነሱ ናቸው። እውነት ከሆኑት ነገሮች መካከል ሌላውን ሰው የሚያከብረውን መርጦ አስቀደመ።

ምዕራፍ 12 ላይ እነዚያው ኤፍሬማውያን ወደ ዮፍታሔ መጡ፣ አሁንም "ለምን አልጠራኸንም" ነው፣ በዚህኛው ላይ ግን "ቤትህን በአንተ ላይ እናቃጥላለን" ጨመሩበት። ዮፍታሔ "ጠርቻችሁ ነበር፣ አላዳናችሁኝም" አለ። ምናልባት እውነቱን ነው። ነገር ግን መልሱ ማን ትክክል እንደሆነ ብቻ ይቆጥራል፣ ለተናጋሪው መውጫ በር አይተውም። መጨረሻው 42 ሺህ ሬሳ ነው፤ በዮርዳኖስ መሻገሪያ "ሺቦሌት" በል እየተባለ፣ "ሲቦሌት" ያለው ይታረድ ነበር። ደግሞ ቍጥር 4ን አትለፉት። ኤፍሬማውያን የገለዓድን ሰዎች "እናንተ ከኤፍሬም የኮበለላችሁ" ብለው ሰድበው ነበር። ነገሩ "አልጠራኸንም" ከሚለው ጉዳይ ወጥቶ ወደ ማንነት የተሻገረው በዚያ ስድብ ነው። ብዙ ቋንቋና ብዙ እምነት በአንድ አጥር በሚኖርበት ከተማ ይህ ቍጥር ቀይ ሊሰመርበት ይገባል፦ ስለ አሸንዳ ስትነጋገሩ "እናንተ" የምትል ቃል ከገባች ጉዳዩ የአሸንዳ መሆኑ ያበቃል። "እናንተ እኮ እንዲህ ናችሁ" ማለት አንድን ሽማግሌ ከነዘመዱና ከነሃይማኖቱ መክሰስ ነው።

ቦሳ_ኪቶ

ልቃወም። (በለስላሳ ቃል ነው፣ አትፍሩ።)

"የለዘበች መልስ ቍጣን ትመልሳለች" በየቤቱ የሚጠቀሰው በተበዳዩ ላይ ነው። ሚስት ተደብድባ "አንቺም ቀስ ብለሽ መልሺ" ትባላለች። የደብር ወይም የአጥቢያ ገንዘብ ጎድሎ የጠየቀ ምእመን "አንደበትህን ግታ" ይባላል። ቃል መምረጥ ሌላ፣ እውነትን መዋጥ ሌላ። ወረቀቱ ላይ ይህ በጉልህ ይግባ።

ዮሐንስ 18:23ን እዩ። ጌታችን በጥፊ ሲመታ አልተሳደበም፣ ዝምም አላለም፦ "ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?" አሠራሩን ተመልከቱት፤ ሁለት መንገድ ከፍቶ ከሳሹን ያስመርጠዋል። ለማንኛውም ክስ ይሆናል፦ "ያጠፋሁት ካለ ቀኑንና ቦታውን ንገረኝ፣ አስተካክላለሁ፤ ከሌለ ግን ይህን ስም አትስጠኝ።"

ሐዋርያት ሥራ 23 ላይ ደግሞ ጳውሎስ "አንተ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ" ብሎ ጮኸ። ሰውየው ሊቀ ካህናት መሆኑ ሲነገረው የሕዝብህን አለቃ ክፉ አትናገር የሚለውን ሕግ ራሱ ጠቅሶ ታረመ። ያለ ሕግ አስመታኸኝ የሚለውን አቤቱታ ግን አልሰረዘም። ስድቡ ይነሣል፣ ጉዳዩ ይቀራል፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው የተገላቢጦሹን ነው።

ማቴዎስ 18:15 "አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ" የሚለው ዱላ ለያዘ ሰው አልተጻፈም። ድብደባ ባለበት ቤት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ደህና ቦታ መሄድ፣ ቀጥሎ ፖሊስና የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፣ ንግግር ካስፈለገ በስተመጨረሻ፣ ያም ሰው ባለበት።

ፈረንጅ_አራዳ

ሁላችሁም ስለ ሐሳቡ ጻፋችሁ። በአማርኛ ግን ጠቡን የሚያቀጣጥሉት ትናንሾቹ ቃላት ናቸው፣ ማንም አይቆጥራቸውም።

አንደኛ፣ በንግግር መሃል መዝለል። "እርስዎ" ብሎ ጀምሮ ሲናደድ "አንተ" ማለት ጥፊ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ አይሰማም። ተቃራኒውም አለ፦ አብሮ አደግን በጠብ ቀን "እርስዎማ ያውቃሉ" ማለት በረዶ ማልበስ ነው። በሰላም ቀን የምትጠሩት አጠራር ምን ነበር? በጠብ ቀንም እሱው ይቆይ።

ሁለተኛ፣ እዚያው የቆመን ሰው እንደሌለ መናገር። "ሰውየው ምን ነካው?" "ይቺ ደሞ ትናገራለች?" "ሰውዬ!" ብሎ መጥራትም ያው ነው። ስሙን ወይም ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሜ በሉ።

ሦስተኛ፣ ቅንጣቶቹ። "ነገርኩህ" መረጃ ነው፤ "ነገርኩህ እኮ" ወቀሳ ነው። "አንተ መጣህ" እና "አንተ ደግሞ መጣህ" የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። "እንኳን"ም እንደዚያው፦ "ሰላም እንኳን አትልም።" የምትናገሩትን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ጻፉትና እኮ፣ ደግሞ፣ እንኳን፣ ጭራሽ የሚሉትን አውጡ። ሐሳቡ አንድ ነገር አይጎድልበትም።

አራተኛ፣ አሽሙር። ነገር በምሳሌ መወርወር የሚያኮራ ችሎታችን ነው፣ በእርቅ ቀን ግን መርዝ ነው፤ ምክንያቱም ተናጋሪው "እኔ እሱን አላልኩም" ብሎ ሊክድ ይችላል። ሊካድ የሚችል ቃል ይቅርታ ሊጠየቅበትም አይችልም።

ደግሞ ለከተማችን የተለየ ነገር፦ በአፋን ኦሮሞ "አቲ" ወንድና ሴት አይለይም። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው በአማርኛ ሲቆጣ "አንተ"ና "አንቺ" ሊምታታበት ይችላል። ወንድን "አንቺ" ቢል ስድብ ነው ብላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት የቋንቋ ስህተት መሆኑን አስቡ። ኦሮምኛ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ንግግሩን በሳቸው ቋንቋ ጀምሩ። "ማሎ" የምትል አንዲት ልመና ከሦስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ትበልጣለች።

መንደራ_ቆጪ

ኧረ ጉድ ነው! አሸንዳ ግጠም ለማለት ይህ ሁሉ ሰዋስው? ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ዝም ብሎ በገዛ ገንዘብ ቦይ መቆፈር ይሻላል።

ቦሳ_ኪቶ

@መንደራ_ቆጪ ቦዩን ቆፍረህ ከልብህ ከተውከው ጨዋ ነህ፣ 1ኛ ጴጥሮስ 4:8 (ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል) አለልህ። ቆፍረህ ሰላምታ ካቆምክ ግን ዝምታው ነቅዟል። መለያው ቀላል ነው፦ ነገ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ቀድመህ እንዴት አደሩ ትላለህ ወይስ ስልክህን ታያለህ? ኩርፊያ ቃል የሌለው ስድብ ነው።

ሰጦ_ሰመሮ

ወደ ስልኩ ልውሰዳችሁ። አሁን አሁን ጠቡ አጥር ላይ ሳይሆን በመዘምራንና በእድር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ስትናደዱ የምትጽፉትን ግሩፑ ውስጥ አትጻፉት። ጣት ታመልጣለች፣ "ላክ" ትነካለች። ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ጻፉት፣ ለራሳችሁ ብቻ የሚታይ ነው። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ስታነቡት ግማሹን ትሰርዙታላችሁ፤ የቀረው ግማሽ ነው ጉዳዩ። ኤፌሶን 4:26 "በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ" ይላልና እንዴት ይደር? የሚል ይኖራል። ቁጣው አይደር፣ መልእክቱ ይደር። ማታውኑ "ያልከውን አይቻለሁ፣ ነገ በአካል እናውራ" የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ድምፅ አትላኩ። የተጻፈ መልእክት በቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ሊታረም ይችላል፤ የድምፅ ቃና ግን አይታረምም፣ ፎርዋርድ ሲደረግም ከነጩኸቱ ይሄዳል። በግል የጻፋችሁትን "ለሁለታችንም" ብላችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። ነገር ግን ተነብቦ ከሆነ ማጥፋት ብቻውን ሌላ ጠብ ነው፣ "ምን ደብቆ ነው?" ያሰኛል። አጥፍታችሁ ወዲያው ያጠፋችሁበትን ምክንያት ጻፉ፦ "ስድብ ስለነበረበት አጠፋሁት፣ ይቅርታ። ጉዳዩን ነገ እነግርሃለሁ።"

ስም ሳይጠሩ "አንዳንድ ሰዎች..." ብሎ መለጠፍ ከሁሉ የከፋው ነው። ግሩፑ ውስጥ ሰባ ሰው ካለ ሃያው እኔን ነው ብሎ ያስባል፣ የተፈለገው ሰው ደግሞ እኔን አይደለም ይላል።

ጊንጆ_ጉዱሩ

የመንፈሳዊ ቋንቋውን ነገር ማንም አልነካውም፣ እኔ ልንካው። በክርስቲያኖች መካከል ያለው ጠብ ስድብ የለበትም ተብሎ ይኮራበታል፤ ስድቡ ነጭ ለብሶ ነው የሚመጣው።

"እጸልይልሃለሁ" በጠብ መሃል ሲባል "አንተ የታመምክ ነህ" ማለት ነው። ትጸልይለት እንደሆነ ቤትህ ገብተህ ጸልይለት፣ ለሱ አትንገረው። "ጌታ ይፍረድ" ብዙ ጊዜ ርግማን ነው። "መንፈስ ቅዱስ ነግሮኛል" ክርክሩን ይዘጋል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ማን ይከራከራል? "በፍቅር ነው የምነግርህ" ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር በፍቅር ሲጨርስ እምብዛም አይታይም። "ለጸሎት ርዕስ ያህል ነው የምነግራችሁ" ተብሎ የሚጀመረው ደግሞ ሐሜት ነው። የጸሎት ርዕስ ስም ካስፈለገው የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ካልሆነ "አንድ ወንድም" በቂ ነው።

ጥቅስ መወርወርም እዚህ ይገባል። ጥቅስ በጠብ ሰዓት ለራስ ነው የሚጠቀሰው። መዝሙር 141:3 "አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር" የሚለው "ለአፌ" ነው የሚለው፣ "ለአፉ" አይልም።

ዲያቆን_ዘጅሬን

@ጊንጆ_ጉዱሩ ጥሩ ብለዋል። ለቅልቅሉ ቡድን አንዲት ማስተካከያ፦ በኛ አቈጣጠር መዝሙር 140 ነው። ወረቀቱ ላይ 140 (141) ተብሎ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ጥናቱ በቁጥር ክርክር ይጀመራል። እሱም ጠብ ነው።

ጊንጆ_ጉዱሩ

አመሰግናለሁ ዲያቆን፣ ታርሟል። (እርማት እንዲህ ሲሆን አይከብድም።)

ሦስተኛዋ_በረካ

መቼ እንደሚነገር ያነሣ የለም። 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ አቢግያ 200 እንጀራና አምስት የተዘጋጁ በጎች ጭና፣ 400 ሰው አስከትሎ የሚመጣውን ዳዊትን አበረደች። ማታ ቤት ስትመለስ ባሏ ናባል ሰክሮ ነበር። ምንም አልነገረችውም፤ እስኪነጋ ድረስ ጠበቀች። ብዙ ሰባኪ የዳዊትን ክፍል ይሰብካል፣ ይህቺን መስመር ግን ይዘላታል። በመጠጥም ሆነ በምርቃና ሰዓት የተደረሰ ስምምነት ጠዋት አይገኝም።

ለተነሣው ጉዳይ፦ ዓርብ ከጁምዓ በፊት አይሆንም፣ ሰውየው ለመስጊድ እየተዘጋጁ ነው። ረመዳን ላይ ከሆነ ኢፍጣር ሲቃረብ አይነገርም። የኛም ጾም ላይ ቢሆን፣ ሆዳችን ባዶ ሆኖ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባንጀምረው ይሻላል፤ ቅዱስ ያሬድ "ይጹም ልሳን" ያለው ሆድ ሲጾም ምላስ ስለምትሰላ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይነሣም። ቡና ላይ ከተጠራችሁ አቦሉን በሰላም ጠጡ፤ ሌላ ጎረቤት ካለ እስከ በረካም ቢሆን አታንሡት፣ ሲሸኟችሁ ደጅ ላይ "አንድ ነገር ላሳይዎት" በሉ። ሰው ፊት የተነገረ ትልቅ ሰው ውሃውን ትቶ ክብሩን ነው የሚከላከለው።

ንግግሩ ከጋለስ? "አሁን ልቤ ሞቋል፣ ቃል እንዳላበላሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልመለስ" ብሎ መሄድ ይቻላል። ሰዓቱን መናገር ግን ግዴታ ነው። ሰዓት ያልተነገረበት መሄድ ጥሎ መሄድ ነው። በተባለው ሰዓት ካልተመለሳችሁም ሁለተኛ ጊዜ አያምኗችሁም።

አዌቱ_ዳር

ድንቅ ነው፣ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ሆነ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ቃል አንዴ ካመለጠ በኋላ ምን ይደረግ? ሦስተኛውስ ንግግር ካልሠራ?

ፈረንጅ_አራዳ

የመጀመሪያውን እኔ ልውሰድ። የአማርኛ ይቅርታ የሚበላሸው በአንዲት ፊደል ነው። "ካስቀየምኩህ ይቅርታ" እና "ስላስቀየምኩህ ይቅርታ"ን አስተያዩ። "ካ" ስትሆን ጥፋቱ ገና አልተረጋገጠም፣ ምናልባት አንተ ነህ ሆደ ባሻው ማለት ነው። "ስላ" ስትሆን ጥፋቱ የኔ ነው። "ግን" ከተከተለ ደግሞ ከፊቱ ያለው ሁሉ ይሰረዛል፦ "ስላስቀየምኩህ ይቅርታ፣ ግን አንተም..." የሱን ጥፋት ማንሣት ካስፈለገ ሌላ ቀን ይሁን።

ሙሉው ይቅርታ ቃሉን ራሱን ይጠራል፦ "ትናንት በጎረቤት ፊት ደንታ ቢስ ብዬዎታለሁ። ሐሰት ነው፣ አዋርጄዎታለሁ። ስላልኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ።" "ለተፈጠረው ነገር ይቅርታ" የሚለው የመግለጫ ቋንቋ ነው፣ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ከዚያ ዝም ማለት። "ይቅር አሉኝ? በሉኝ እንጂ!" እያሉ ማስጨነቅ ሁለተኛ በደል ነው።

ቦታውንም አትርሱ፦ ስድቡ ሃያ ሰው ፊት ከሆነ ይቅርታው ጓዳ ውስጥ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያው ሃያ ሰው ባይሰበሰብ እንኳ ሁለት ሦስቱ የነበሩበት ቦታ መነገር አለበት። ግሩፕ ላይ ከሆነ ግሩፑ ላይ።

ዲያቆን_ዘጅሬን

እዚህ ላይ ካሳ ይጨመር። ዘኍልቍ 5:7 የበደለ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር ያዛል፤ የ 1,000 ብር ልስን ያስወደቀ 1,200 ይከፍላል እንደማለት ነው። ዛሬ ሒሳቡን ለማስፈጸም ሳይሆን፣ ይቅርታ ከቃል ሌላ እጅ እንዳለው ለማሳየት ነው። ኦርቶዶክሳውያኑ ደግሞ በቅዳሴ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል ምን እያለ እንደሆነ ቢያስቡት፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ነው። ማቴዎስ 5:24 መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ከቁርባን በፊት ባለው ቀን ስልክ መደወል ይቻላል፣ የቅዳሴው ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

የእድር_ጸሐፊ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። የማቴዎስ 18 ሦስት ደረጃ (ብቻህን፣ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ፣ ለቤተ ክርስቲያን) በወንድማማቾች መካከል ነው። ሙስሊም ጎረቤትን "ለቤተ ክርስቲያን ንገር" አይባልም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ግን ለማንም ይሠራሉ፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ የእድሩ ዳኛ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ይገባል። ኦሮሞው ወገን ጃርሱማ ይለዋል፣ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ሽማግሌውን አስቀድሞ ለብቻ ቡና ጋብዞ ጉዳዩን መንገር፦ ምሳሌ 18:17 የሚለው ስለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የተናገረ ሁልጊዜ ጻድቅ ይመስላል። ለሽማግሌ መነገር ያለበት "ከእገሌ ጋር በውሃ ጉዳይ አልተግባባንም፣ ይቀመጡልን" ብቻ ነው። ሽማግሌ ሁሉ ከአንድ እምነት መሆን፦ ሦስት ከሆኑ ቢያንስ አንዱ ከሳቸው ወገን ይሁን። በምርቃትና በዱዓ ይከፈት፣ ሁለቱም አሜን ይበሉ።

ሲቀመጡ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሌላው ከመመለሱ በፊት የሰማውን መልሶ ይናገር፦ "አንተ ያልከው ውሃው ግድግዳውን አርሷል፣ ሁለት ጊዜም ነግረኸኛል ነው፤ ትክክል ነኝ?" ይህቺ ደረጃ ብትዘለል ሁለት ሰዓት ይባክናል፣ ምክንያቱም ሰው ያልተባለውን ነው የሚመልሰው። መጨረሻ ላይ "ተስማምተናል" ተብሎ አይነሣም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በማን ገንዘብ ተብሎ ይጻፍ። "አሸንዳው እስከ ነሐሴ 10 ይገጠማል፣ ቆርቆሮውን እሳቸው፣ የእጅ ዋጋውን እኔ" አይነት። ቀን የሌለው እርቅ ሦስተኛ "እሺ" ነው።

ሰጦ_ሰመሮ

@የእድር_ጸሐፊ አንድ ልጨምር፣ በአጭሩ። በጠብ ሙቀት ግሩፕ ላይ የሚለጠፍ ነገር በሕግም ይጠየቅበታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን፣ 615 ስድብን ይመለከታል። ሰውን በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ጥላቻ ማነሣሣት ደግሞ በአዋጅ 1185/2012 የሚያስከስስ ነው። ዲያቆኑ ስለ "እናንተ" ያሉትን እዚህ አስታውሱ።

መንደራ_ቆጪ

እሺ ተሸነፍኩ። ቆርቆሮ ሥራ ስለማውቅ ግን የናንተን ጎዶሎ ልሙላ፦ አሸንዳ ሲገጠም በየ 3 ሜትሩ ከ 5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ይፈልጋል፣ ያለዚያ ውሃው መሃል ላይ ተኝቶ ይሞላና ይፈስሳል። መውረጃ ቱቦውም ወደ መንገዱ ቦይ ይዙር፣ ወደ አጥሩ ከዞረ ያው ጠብ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የጣሪያውን ጠርዝ ርዝመት ለክታችሁ ያዙ። "አሸንዳ ያስፈልጋል" እና "8 ሜትር አሸንዳና አንድ መውረጃ ያስፈልጋል" አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሰውን "እሺ" ብሎ ከማለፍ ያድነዋል።

ሂርማታ_መርካቶ

@መንደራ_ቆጪ ከሁላችንም የተሻለ ክርስቲያናዊ ምክር ይህ ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ "እሺ" ብለው ያልሠሩት ምናልባት ከየት እንደሚጀመር ስላላወቁ ይሆናል።

አዌቱ_ዳር

ሁሉንም ሰብስቤ ለወረቀቱ ናሙና ይህንን አወጣሁ፣ እዩልኝ፦

"ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላሳይዎት። ትናንት የዘነበው ውሃ ከጣሪያዎ ወርዶ ግድግዳችንን እስከዚህ ድረስ አርሶታል። ባለፈው ተነጋግረን ነበር እኮ። ጠርዙን ለካሁት፣ 8 ሜትር ነው። አጥሩን ባጠሩ ጊዜ የኛንም በኩል አቅንተውልናል፣ አልረሳሁትም። የእጅ ዋጋውን እኔ ብችል፣ ቆርቆሮውን እስከ ነሐሴ 10 ይችሉ ይሆን?"

ዲያቆን_ዘጅሬን

የአጥሩ ነገር በእርግጥ የተደረገ ከሆነ ብቻ ይቀመጥ። ካልሆነ ሌላ እውነት ፈልጉ።

ቦሳ_ኪቶ

"አይችሉም" ካሉስ የሚለው መልስም ይዘጋጅ፦ "እንግዲያው መቼ ይመችዎታል?" ከዚያ በኋላ ነው ወደ እድሩ ዳኛ የሚኬደው፣ እሱንም ነግሮ፦ "ሽማግሌ እንዲያየው ብጠይቅ ቅር ይልዎታል?"

ፈረንጅ_አራዳ

ጥሩ ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያለችውን "እኮ" አውጣት።

አዌቱ_ዳር

ወጣች።